ኢንኮኔል 625 ወይስ 718? ችግሩን ከምልክቱ መለየት

ሁለቱ የኒኬል ቅይጦች በዓይን አይለዩም። ሁለቱም ብርማ ናቸው፣ ማግኔትም አይስባቸውም። ስለዚህ አንዱ በሌላው ቦታ ይገባና ጣጣው የሚታወቀው ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው። ያኔ ጥፋቱ በብረቱ ጥራት ይሳበባል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው የትኛው እንደገባና ሂት ትሪትመንቱ (ብረቱን በምድጃ ሙቀት ማከሙ) መሠራቱን ነው።

ብሎኑ ሲጠብቅ ይለጠጣል፣ ዘንጉ ይጎብጣል

718 በታዘዘበት ቦታ 625 ገብቶ ይሆናል። ለስልሶ የሚሸጥ 625 እስከ 400 ሜጋፓስካል (የጫና መለኪያ) አካባቢ ድረስ ችሎ ከዚያ በኋላ ወደ ቦታው አይመለስም። በሚገባ የጠነከረ 718 ግን ከ1000 ሜጋፓስካል በላይ ይችላል።

ወይም ደግሞ ብረቱ በእርግጥ 718 ሆኖ ኤጂንግ (በምድጃ ለሰዓታት አሙቆ ማጠንከር) አልተሠራለትም። ይሄኛው ነው አስቸጋሪው፣ ምክንያቱም የብረቱ ወረቀት ላይ ያለው ስም ትክክል ነው። የ718 ጥንካሬ የሚመጣው ከምድጃ ነው። በተለመደው አሠራር 718 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ 8 ሰዓት ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ወደ 621 ይወርዳል፣ ጠቅላላው 18 ሰዓት እስኪሞላም እዚያው ይቆያል። በዚህ ጊዜ ኒኬልና ኒዮቢየም ተጣምረው በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶች ይፈጥራሉ። ጭነቱን የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ይህ ካልተደረገ 718 ከ625 ብዙም አይሻልም።

ለመለየት በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መመርመሪያ ይጠቀሙ። በቅይጡ ውስጥ ያለው ሞሊብዲነም የተባለ ንጥረ ነገር ከ8 እስከ 10 በመቶ ከሆነ 625 ነው። ሞሊብዲነሙ 3፣ አይረኑ 18 በመቶ ገደማ ከሆነ 718 ነው። መሣሪያው ግን ኤጂንግ መሠራቱን አይናገርም። ለዚያ ጠጣርነቱን ይለኩ፦ ኤጂንግ የተሠራለት 718 በሮክዌል ሲ ከ36 በላይ ያነባል። ያልተሠራለት ከ25 በታች ነው።

ኤጂንግ የቀረበት ክፍል ካልተጎዳ ወደ ምድጃ ሊመለስ ይችላል። ሲጠነክር ትንሽ ስለሚኮማተር ልኩን እንደገና ያረጋግጡ። የተለጠጠ ብሎን ግን ይጣል፤ መልሶ መጠቀም አደጋ አለው።

በጋስኬቱ ሥር ይበሳሳል

የባሕር ውኃ መስመር ላይ ጋስኬቱ (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ሲነሳ የመርፌ ጫፍ የሚያካክሉ ጉድጓዶች ከታዩ 718ን ይጠርጥሩ። ሞሊብዲነሙ ስለሚያንስ ጠባብ ቦታ ላይ የታቆረ ጨዋማ ውኃን እንደ 625 አይቋቋምም። ፊቱን መሞረድና ማለስለስ ጊዜ ከመግዛት አያልፍም። ከፍተኛ ጭነት ከሌለ በ625 ይተኩት። ጥንካሬም ዝገት መቋቋምም አንድ ላይ ከተፈለገ 725 የተባለው ቅይጥ አለ፤ ኬሚስትሪው ወደ 625 የቀረበ ሆኖ እንደ 718 በኤጂንግ ይጠነክራል።

ሙቀት ላይ ይደክማል

718 ከ650 ዲግሪ በላይ ብዙ ሲቆይ በኤጂንግ የተፈጠሩት ቅንጣቶች እየተለወጡ ጥንካሬው ይወርዳል። 625 እስከ 980 ዲግሪ ድረስ ይሠራበታል፤ የሚሸከመው ግን እየቀነሰ ይሄዳል። በ650 ዲግሪ አካባቢ ለረጅም ጊዜ የቆየ 625 ደግሞ ሲቀዘቅዝ ተሰባሪ ይሆናል። በጥገና ሰዓት በመዶሻ አይምቱት።

ብየዳው ዳር ይሰነጠቃል

625 ለብየዳ ገር ነው። 718ን ለስላሳ ሳለ ይበይዱ፣ ሙቀቱን ዝቅ አድርገው፣ ኤጂንጉን ከብየዳው በኋላ ያድርጉ። በ625 ሽቦ ከበየዱት መገጣጠሚያው የ718ን ጥንካሬ አያገኝም። ለሁለቱም ግን ቅባት፣ ቀለምና የማርከር ጽሑፍ በደንብ ይጽዳ፤ ድኝ ያለበት ቆሻሻ ሲሞቅ ወደ ኒኬሉ ገብቶ ይሰነጥቀዋል።

መቁረጫው ቶሎ ይሞታል

ሁለቱም ሲታሹ ይጠነክራሉ። ፍጥነቱን ይቀንሱ፣ መቁረጫው ሳይቆርጥ እንዳይፈትግ ግፊቱን አያቋርጡ፣ ማቀዝቀዣውን በብዛት ያፍስሱ። 718 ከሆነ ዋናውን ቆረጣ ከኤጂንግ በፊት ይጨርሱና ለመጨረሻው ልክ ትንሽ ያስተርፉ።