ቢሮ ሄዳችሁ «ሚስጥር ነው» ከተባላችሁ እንዲህ አድርጉ
ባለፈው እዚሁ ደሴ አንድ ቢሮ የሰፈራችን ኮብልስቶን ስንት ብር እንደወጣበት ልጠይቅ ሄጄ ሰራተኛዋ ፋይሉን መሳቢያ ውስጥ መለሰችና «ሚስጥር ነው» አለችኝ፣ እኔም ዝም ብዬ ወጣሁ፣ እናንተ ግን እንደዛ እንዳትወጡ።

መንግስት መስሪያ ቤት ያለ መረጃ የማግኘት መብታችሁን የሚደነግገውን አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ስልካችሁ ላይ ያዙ። አዎ የሚከለከል መረጃ አለ፣ የሰው የግል መረጃ፣ የንግድ ሚስጥር፣ የፖሊስ ምርመራ፣ መከላከያና ደህንነት፣ የካቢኔ ሰነድ፣ ይሄ ልክ ነው፣ የእናቴ የህክምና ካርድ ለማንም እንዲሰጥ እኔም አልፈልግም። የኮብልስቶን ሂሳብ ግን ምኑ ነው ሚስጥሩ? «በየትኛው አንቀፅ?» በሏቸው።

ጥያቄያችሁን በፅሁፍ ለህዝብ ግንኙነቱ አስገቡ፣ በቃልም ይቻላል ግን በኋላ ማስረጃ ላይኖራችሁ ይችላል፣ ስለዚህ የራሳችሁ ኮፒ ላይ ቀንና ማህተም ሳታስመቱ ከበሩ እንዳትወጡ። ለምን ፈለግሽ ቢሉሽ ምክንያት የመናገር ግዴታ የለብሽም። ከዛ 30 ቀን ቁጠሩ፣ ሊያራዝሙት ይችላሉ። ከከለከሉ ምክንያቱን በፅሁፍ ይስጧችሁ፣ ሚስጥር የሆነው አንድ ገፅ ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱን ለይተው የቀረውን ይስጡ።

ካልሆነ ይግባኝ ለመስሪያ ቤቱ የበላይ ሃላፊ፣ ቀጥሎ ለህዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም፣ ከዛ ፍርድ ቤት። እኔ ሰኞ ማመልከቻዬን ይዤ ተመልሼ እሄዳለሁ።