የተሸጠ የካምቢዮ ጥርስ ለምን ይመለሳል? ችግርና መፍትሄ

ለድሮ ስፖርት መኪና የተሸጠ ያገለገለ ጥርስ (ካምቢዮ ውስጥ ያለው ባለጥርስ ክብ ብረት) ችግሩ የሚታወቀው ካምቢዮው ተገጥሞ መኪናው መንገድ ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ ገዢው የመፍቻና የመግጠሚያውንም ሒሳብ ይዞ ይመጣል። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለሚሸጥ ሰው ሁሉንም አስቀድሞ ጠረጴዛ ላይ ማየት ይቻላል።

«አልገጥም አለ»
መኪናው አንድ ዓይነት ቢሆንም የተሠራበት ዘመን ይለያያል። ኤምጂቢ የተባለው የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ጥሩ ምሳሌ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1967 የተሠራው አንደኛ ማርሹ ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ እንዳይፋጭ ፍጥነት የሚያስተካክል ክፍል) የለውም፤ ከዚያ ወዲህ ያለው አራቱም ላይ አለው። የአንዱ አንደኛ ማርሽ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ የጥርሱን ብዛት ቆጥረው፣ ውፍረቱንና የመሐል ቀዳዳውን በካሊፐር ለክተው፣ ካምቢዮው ላይ የተመታውን ቁጥር ጨምረው ይጻፉ። ፎቶው ላይ ማስመሪያ ይኑር።

«ይጮኻል»
አብረው የኖሩ ሁለት ጥርሶች አንዱ በሌላው ልክ ይበላል። ነጥሎ መሸጥ ጩኸት መሸጥ ነው። የታችኛው ዘንግ ጥርሶች አንድ ወጥ ብረት ከሆኑ ዘንጉን እንዳለ ከጥንዶቹ ጋር ይሽጡ። አሮጌውን ኩሽኔታ ግን አብረው አይስጡ፤ ገዢው አዲስ ያስገባ።

«ማርሽ ይተፋል»
ከሁሉም በላይ የሚያጣላው ይህ ነው። ከደሴ በሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ በሁለተኛ ማርሽ ሲወረድ እግር ከነዳጁ ይነሳል፤ ጭነቱ ወደ ጥርሱ ሌላኛው ጎን ይዞራል፤ ያን ጊዜ ማርሹ ዘሎ ይወጣል። ሜዳ ላይ የሞከረ ሰው ምንም አያይም። ጥፋቱ ያለው በትልልቆቹ ጥርሶች ላይ ሳይሆን ጎን ላይ በተደረደሩት ትንንሽ ሹል ጥርሶች ላይ ነው። በጥፍር ይዳስሷቸው፦ ጫፉ ስለት ካለው ደህና ነው፤ እንደ ሩዝ ፍሬ ከዶለዶመ አይሸጥም። በሞላ (በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ) አይሳሉት። የጠነከረው የላይኛው ቆዳ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከሥሩ ያለው ለስላሳ ብረት ቶሎ ያልቃል።

«ሲገባ ይፋጫል»
የሲንክሮናይዘሩን የነሐስ ቀለበት ጥርሱ ጎን ባለው ሾጣጣ ላይ በእጅ ተጭነው ያዙሩት። መያዝ አለበት። ከተንሸራተተ፣ ወይም በቀለበቱና በትንንሾቹ ጥርሶች መሐል ያለው ክፍተት ወደ 0.5 ሚሊሜትር ከወረደ፣ አዲስ ይተካ። ለገዢው ዘይቱንም ይንገሩት፤ ጂኤል-5 የሚባለው የማርሽ ዘይት ለብዙ የድሮ ካምቢዮ በጣም ያሟልጫል።

ስንጥቅ
ጥርሱን ናፍታ ውስጥ ያሳድሩ፣ በጨርቅ አጥርገው ያድርቁ፣ የተፈጨ ጠመኔ ይንፉበት። ስንጥቅ ካለ ናፍታው ከውስጥ ወጥቶ ነጩ ላይ ቀጭን ጥቁር መስመር ያሰምራል። ጥርሱ ሥር ላይ ከታየ ወደ ቁርጥራጭ ብረት ይሂድ።

ዝገት
የደሴ ክረምትና ጉም ያልተቀባ ብረት ቶሎ ያዝጋል። በዘይት ሲታሽ የሚለቅ ዝገት አያሳስብም፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ከተወ ግን ዋጋው ይውረድ፣ ፎቶውም በግልጽ ያሳየው። እያንዳንዱን ጥርስ ዘይት ባለው ጨርቅ ለብቻው ጠቅልለው በእንጨት ሣጥን ይላኩ፤ በመንገድ እርስ በርሱ ከተጋጨ ስለታም ጫፉ ሳይደርስ ይሸረፋል።