ከድሬዳዋ ወደ ሙሻ ደሴት፦ የመጀመሪያውን የስኩባ ጉዞ እንዴት ማቀድ ይቻላል?

ስኩባ ዳይቪንግ፣ ማለትም ከሲሊንደር አየር እየተነፈሱ ባሕር ውስጥ መጥለቅ፣ ሲነሳ ብዙ ሰው ዛንዚባርን ወይም ማልዲቭስን ያስባል። ለድሬዳዋና ለሐረር ነዋሪ ግን ኮራል የተባሉት የባሕር እንስሳት የሚኖሩበት ባሕር በባቡር ይደረሳል። ሙሻና ማስካሊ የሚባሉት ደሴቶች በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ናቸው፤ ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ይኬድባቸዋል።

1. ዕቅዱን ከመመለሻው ቀን ይጀምሩ

ጠላቂው በጀርባው የሚያዝለው ሲሊንደር የያዘው፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት ኦክስጅን ሳይሆን፣ ታምቆ የተሞላ ተራ አየር ነው። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ጥልቀት ግፊቱ በአንድ የከባቢ አየር መጠን ይጨምራል፤ በዚያ ግፊት ከሚተነፍሱት አየር ውስጥ ናይትሮጅኑ ወደ ደምና ወደ ሥጋ ይገባል። ከውኃ ከወጡ በኋላ ቀስ እያለ ይወጣል። ሳይወጣ አየሩ ወደሚሳሳበት ከፍታ ከሄዱ አረፋ ሊሠራ፣ መገጣጠሚያን ሊያሳምም፣ ሲብስም ነርቭን ሊጎዳ ይችላል።

ጠልቀው እንደወጡ አውሮፕላን አይሳፈሩ የሚለው ምክር በሰፊው ይታወቃል። የእኛ ሰው የሚዘነጋው ቤቱ ራሱ ከፍታ ላይ መሆኑን ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ያህል፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ በመካከላቸውም የደንገጎ ዳገት አለ። የአውሮፕላን ውስጥ አየር እንኳ በአብዛኛው ከ2,400 ሜትር ከፍታ አየር በላይ እንዳይሳሳ ተደርጎ ይጠበቃል። ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ የተባለው የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት ከአንድ ጥልቂያ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት ከጠለቁ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ከበረራ በፊት መቆየትን ይመክራል። እኔ ወደ ቤት ከመመለስዎ በፊት ሙሉ ቀን ይተው እላለሁ። ጅቡቲ ከተማ ውስጥ በምድጃ የሚጠበሰው የየመን ዓሣ ያንን ቀን አያስቆጭም።

2. ሰውነትዎን ያስመርምሩ

ማሠልጠኛዎች ስለ አስም፣ ስለ ልብ፣ ስለ ሳንባና ስለ ጆሮ የሚጠይቅ የጤና ቅጽ ያስሞላሉ። ከጥያቄዎቹ ለአንዱ «አዎ» የሚል ሰው የሐኪም ፈቃድ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ቅጹን አስቀድመው አስልከው እዚሁ ከሐኪም ጋር ይጨርሱት። ጅቡቲ ላይ በመጀመሪያው ጠዋት ከጀልባ መቅረት ያናድዳል።

ጫትን በተመለከተ በግልጽ እንነጋገር። ጫት የልብ ምትን ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ አፍንም ያደርቃል፤ ከበርጫ ማግስት ውኃ ውስጥ መግባት ጥሩ ሐሳብ አይደለም። ጅቡቲ ደግሞ ጫቱ ከእኛው አገር በየዕለቱ የሚገባባት ከተማ ስለሆነች ፈተናው አይርቅም። ጉንፋን የያዘው ሰውም ይቆይ።

3. ዋና ይማሩ

የድሬዳዋው ደቻቱ ወንዝ ሲሞላም ሲደርቅም ዋና አያስተምርም፤ የሆቴል መዋኛ ገንዳ ይፈልጉ። ሙሉ ሥልጠና ለመውሰድ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ሳይሰምጡ ውኃ ላይ መቆየት ይጠበቅብዎታል። ፍጥነት አይለካም።

4. ሙከራ ወይስ ሥልጠና?

ከአሠልጣኝ ጋር የሚደረገው የሙከራ ጥልቂያ ከ12 ሜትር አያልፍም። ሦስት ወይም አራት ቀን የሚወስደው የመጀመሪያ ደረጃ ሥልጠና ግን እስከ 18 ሜትር የሚያስጠልቅ የምስክር ወረቀት ያስገኛል። ጊዜ ካለዎት ሥልጠናውን ይምረጡ። ገንዘብ ከመላክዎ በፊት አሠልጣኙ በምን ቋንቋ እንደሚያስተምር ይጠይቁ፤ ጅቡቲ ውስጥ ፈረንሳይኛ የተለመደ ነው። ሱማልኛ መቻል ከጀልባ ሠራተኞች ጋር ያግባባል፤ የደኅንነት ትምህርት ግን በሚገባ በሚያውቁት ቋንቋ ይሁን። ጀልባው ላይ የአደጋ ጊዜ ኦክስጅን መኖሩንም ይጠይቁ። «አለ» ከማለት ይልቅ ዙሪያውን የሚያወራ ድርጅት ካጋጠመዎት ሌላ ይፈልጉ።

5. ወቅቱን ይምረጡ

ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ጥሩ ነው። ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሣዎች ጥቃቅን የባሕር ሕይወት እየለቀሙ ወደ ታጁራ የሚመጡት በዚህ ወቅት ነው፤ በአብዛኛው የሚታዩትም ያለ ሲሊንደር፣ በማስክ ብቻ ከላይ በመዋኘት ነው። ሰኔና ሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ለድሬ ሰው እንኳ ይከብዳል።

6. ወረቀትና መንገድ

ፓስፖርት፣ ቪዛና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያዘጋጁ። የውጭ ምንዛሪን አስቀድመው ባንክዎን ይጠይቁ። ባቡሩ የሚሄድበትን ቀን ሳያረጋግጡ የጀልባ ቦታ አይያዙ። ኢንሹራንስ ሲገዙ ውሉ የመጥለቅ አደጋን ይሸፍን እንደሆነ ያንብቡ፤ ብዙው አይሸፍንም።

7. ውኃ ውስጥ

ትንፋሽዎን በፍጹም አይያዙ። ወደ ላይ ሲወጡ በሳንባ ውስጥ ያለው አየር ስለሚሰፋ፣ የተያዘ ትንፋሽ ሳንባን ሊቀድድ ይችላል። ሲወርዱ ደግሞ ሕመም ሳይጀምር፣ አፍንጫዎን ይዘው አየር በቀስታ ወደ አፍንጫዎ በመግፋት ጆሮዎን ይክፈቱ። ካመመዎት ለአሠልጣኙ ምልክት ሰጥተው ትንሽ ከፍ ይበሉና እንደገና ይሞክሩ። አልከፈትም ካለ የዚያን ቀን ጥልቂያ ይተዉት።