ከሥራ መልስ የልጆች ጋዜጣ ስታዘጋጁ

ልጆቼ ጥያቄ ሲያበዙብኝ ለእነሱና ለጎረቤት ልጆች የምትሆን፣ ከአንድ ወረቀት እጥፋት የምትወጣ ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ ጀመርኩ። ቀን ሒሳብ ሠራተኛ፣ ማታ አዘጋጅ ነኝ። ተመሳሳይ ነገር ለምታስቡ ወላጆች እኔን ያደናቀፉኝን ልንገራችሁ።

ከሁሉ የከፋው በትርጓሜ መጀመር ነው። የመጀመሪያው እትም «መቡካት ማለት ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳርን ሲመገቡ የሚከሰት ለውጥ ነው» ይል ነበር። የስምንት ዓመቷ ልጄ ሁለተኛውን መስመር ሳትጨርስ ወረቀቱን አጣጥፋ አውሮፕላን ሠራችበት። በዚያው ሳምንት ግን ምሳ ላይ «እማዬ፣ እንጀራ ለምን ዓይን አለው?» ብላኝ ነበር። ጉዳዩ ያው ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ ያስመሰልኩት እኔ ነኝ። በሚቀጥለው እትም ከጥያቄዋ ተነሣሁ፦ እርሾው ሊጡን ሲያቦካ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይፈጠራል፤ ሊጡ የጋለ ምጣድ ላይ ሲፈስ የጋዙ አረፋ ወደ ላይ ወጥቶ ይፈነዳል፤ የፈነዳበት ቦታ ዓይን ሆኖ ይቀራል። ከሥሩም የቤት ሙከራ ጨመርኩ፦ እርሾ የገባበት ጥቂት የጤፍ ሊጥ በፕላስቲክ ጠርሙስ አድርጉ፣ አፉን በፊኛ ሸፍኑ፣ እስከ ነገ ጠብቁ። ፊኛው ቀስ እያለ ሲነፋ ያዩት ልጆች በራችንን ሲያንኳኩ አመሹ። እናቶቻቸው ሊጣችን አለቀ ብለው ማማረራቸው ሌላ ጉዳይ ነው።

ሌላው ስህተት «በየሳምንቱ» ብሎ ቃል መግባት ነው። ወሩ ሲያልቅና ሒሳብ መዝጊያ ሲደርስ ጋዜጣዬ ቀረች። የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ «ሥራ በዛብኝ» የሚባል ምክንያት አይገባውም። አሁን በየአስራ አምስት ቀኑ ነው የማወጣው፤ ከሦስት ያላነሱ የተዘጋጁ እትሞችም በእጄ አሉ። ጥያቄዎቹን ታክሲ ስጠብቅ በትንሽ ደብተር እጽፋለሁ።

ከአምስት እስከ አስራ አራት ዓመት ላለ ልጅ ሁሉ መጻፍም አያዋጣም። ገና ፊደል የሚለየው ልጅ ይጨነቃል፣ ትልቁ ደግሞ ይንቃችኋል። እኔ ከስምንት እስከ አስር ያለውን መርጫለሁ።

የልጆችን ፎቶና የትምህርት ቤታቸውን ስም በቴሌግራም አታውጡ። ጠያቂውን ለመጥቀስ የመጀመሪያ ስሙና ዕድሜው ይበቃል፤ ለዚያውም ወላጁ ሲፈቅድ።

የመጨረሻው ስህተት «ይህንንማ ሁሉም ያውቀዋል» ብሎ ሳያጣሩ መጻፍ ነው። ሰጎን ስትፈራ ጭንቅላቷን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች ብዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው። ሰጎን እንቁላሏን የምትጥለው መሬት ላይ በተጫረ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ በምንቃሯ ልታገላብጠው ስታጎነብስ ከሩቅ ለሚያያት የተቀበረች ትመስላለች። በሚቀጥለው እትም የፊት ገጽ ላይ በትልልቅ ፊደል «ተሳስቼ ነበር» ብዬ አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ የጎረቤት ልጆች ጋዜጣዋን እርሳስ ይዘው ነው የሚያነቧት፤ ባለፈው ጊዜ ሁለት የፊደል ግድፈት አግኝተውብኛል።