የእድር ዳኛን ፖሊስ ማድረግና ሌሎች የአሰልጣኝ ስህተቶች

አራዳ፣ ቂርቆስ፣ ልደታ ወይም አዲስ ከተማ፣ የፈለጋችሁት ወረዳ አዳራሽ ብትገቡ የማህበረሰብ አቀፍ ፖሊስ ሥልጠና መልኩ አንድ ነው። ባነር ተሰቅሏል፣ ለሰባ ሰው ወንበር ተደርድሯል፣ ስለ ሰላም ጥቅም ፓወርፖይንት ይታያል። የመጡት የእድር ዳኞች፣ የብሎክ ተጠሪዎች፣ ተራ አስከባሪዎችና ከበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተላኩ የመስክ ሠራተኞች ናቸው። ሰላም ጥሩ መሆኑን ከመካከላቸው የሚጠራጠር የለም። ሌሊት በራቸው ሲንኳኳ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግን ሳይነገራቸው ወደ ቤታቸው ይገባሉ።

ሁሉንም በሽምግልና ጨርሱ ማለት

ሰው የሚጎዳው በዚህኛው ነውና ይቅደም። አሰልጣኙ "ችግራችሁን በራሳችሁ ፍቱ፣ የጣቢያውን ጫና አቅልሉ" ብሎ ይሄዳል። የእድር ዳኛው ምክሩን በደስታ ይቀበላል፤ ማስታረቅማ የኖረበት ሥራው ነው። ከዚያ የ13 ዓመት ልጁ የተደፈረችበት አባት ይመጣል። ደፋሪው ጎረቤት ነው፣ እድርተኛ ነው፣ በለቅሶ ጊዜ ድንኳን ተክሏል። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ካሳ ይቆረጣል። ልጅቱ ገላዋን ትታጠባለች፣ ልብሷም ይታጠባል፣ ሳምንት ያልፋል። ሽማግሌዎቹ ከመወቀሳቸው በፊት ያሠለጠናቸው ሰው ይጠየቅ።

አስገድዶ መድፈርና በልጆች ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት በእርቅ አይዘጋም። ቤተሰቡ ይቅር ቢል እንኳ ክሱ የመንግሥት ነው። ሠልጣኙ ከአዳራሹ ይዞት የሚወጣው አንድ ቁጥር ቢኖር 72 ይሁን፤ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሰጠው ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፣ በቶሎ በተጀመረ ቁጥርም ይሻላል። ተጎጂዋ ሐኪም ሳያያት አትታጠብ። የለበሰችው ልብስ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ፤ ፌስታል እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃውን ያበላሸዋል። መሃል ከተማ ከሆነ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ለዚህ የተቋቋመ የአንድ መስኮት ማዕከል አለ፤ ሕክምናውና የሕግ ሂደቱ እዚያው ስለሚጀመሩ ልጅቱ የደረሰባትን በየቢሮው ስትደግም አትውልም። ይህ ሁሉ መታወቂያ በሚያህል ካርድ ላይ ይሞላል። ካርዱን አትሞ ማደል ከአምሳ ስላይድ ይበልጣል።

ለሽምግልና የሚሆነውም ወጥመድ አለው። ቀላል የአካል ጉዳትንና ስድብን የመሳሰሉ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሱ ወንጀሎች አቤቱታቸው በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። እርቁ ዛሬ ነገ ሲባል 3 ወሩ ያልቃል፣ በዳይ እርቁን ይተወዋል፣ ተበዳይ ደግሞ ጣቢያ ሲሄድ ጊዜው አልፏል ይባላል። ስለዚህ በሽምግልናው ቃለ ጉባኤ የመጀመሪያ መስመር ላይ ድርጊቱ የተፈጸመበት ቀን ይጻፍ።

ልዩነቱን ለማስተማር አሥራ ሁለት ጉዳዮችን በካርድ ጽፎ ሠልጣኞቹ ለሦስት እንዲከፍሏቸው ማድረግ ይበቃል፦ ለሽማግሌ፣ ለፖሊስ፣ ለሌላ ቢሮ። ስምንቱ ላይ ወዲያው ይስማማሉ። የሚጣሉባቸው አራቱ ካርዶች ናቸው ሥልጠናው፤ ሻይ ሰዓት ደረሰ ብሎ ክርክሩን የሚያቋርጥ አሰልጣኝ ቀኑን ያባክናል።

"መንስኤው ሥራ አጥነት ነው"

የቡድን ሥራ ይሰጣል፤ በሰፈራችሁ የሞባይል ነጠቃ ለምን በዛ? አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ፍሊፕ ቻርቱ ላይ ሥራ አጥነት፣ ሱስ፣ የሥነ ምግባር መጓደል ተብሎ ይጻፋል፤ ይጨበጨባል። የብሎክ ተጠሪ ሥራ አጥነትን ማጥፋት አይችልምና ምንም ሳያደርግ ይቀመጣል።

የፖሊስን ሥራ ያጠናው አሜሪካዊ የሕግ ፕሮፌሰር ሄርማን ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1979 ያነሳው ነጥብ ዛሬም ይሠራል፤ ፖሊስ በየክስተቱ ከመሯሯጥ ይልቅ የሚደጋገመውን ችግር ለይቶ ያጥና። ለዚህ አዳራሽ አያስፈልግም። አምስት አምስት ሰው ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ሜክሲኮ ወይም ለገሃር የታክሲ ሰልፍ አጠገብ ይቁም። አራት ነገር ይመዝግቡ፦ ሰልፉ በየት በኩል ይታጠፋል፣ የትኛው መብራት አይበራም፣ ሰው ስልኩን በየትኛው እጁ ይይዛል፣ ነጥቆ የሚሮጥ በየት ይወጣል። ሲመለሱ ስለ ሥነ ምግባር የሚያወራ የለም። "ሰልፉ ወደ አስፋልቱ ጠርዝ ወጥቷል፤ ሰው በመኪናው በኩል ባለው እጁ ነው የሚደውለው" ይላሉ። ሰልፉን አንድ ሜትር ወደ ውስጥ መሳብ ደግሞ ለተራ አስከባሪው ከባድ ሥራ አይደለም።

ደብተሩን የስለላ መዝገብ ማድረግ

"አጠራጣሪ ሰው ያየ ይመዝግብ" ተብሎ ደብተር ይታደላል። ሳምንት ሳይሞላ የኪራይ ጠብና የአጥር ክርክር ይገባበታል። ሰፈሩም አይሞኝም፤ ደብተሩ ሲመጣ ወሬ ይቋረጣል። መቼ፣ የት፣ ምን ታየ፣ ለማን ተነገረ፤ ከዚህ በላይ ዓምድ አያስፈልግም። ብሔርና ሃይማኖት አይጻፉም። የተጎጂ ስም እዚያ ደብተር ላይ ምንም አይሠራም፤ ድርጅቶችም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ያንብቡ።

ሥልጣን የሌለውን ሥልጣን እንዳለው ማስመሰል

የሌሊት ጥበቃ በጎ ፈቃደኛ ቦርሳ አይፈትሽም፣ ቤት አይገባም፣ ሰው ቆልፎ አያሳድርም። እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሰው ሳይውል ሳያድር ለፖሊስ ይሰጣል። 991 ሲደወል መጀመሪያ የሚነገረው ቦታው ነው፤ መስመሩ ቢቋረጥ እንኳ መኪናው ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል።

በአሮጌ ስም ዝርዝር መጥራት

ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 በኮሪደር ልማት ስንት ነዋሪ ተነሳ። የእድሩ ሊቀመንበር ዛሬ ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፣ ዝርዝሩ ግን ያው ነው። የጥሪ ወረቀት ከመታተሙ በፊት አንድ ቀን በእግር ዞሮ ማጣራት ነው።

ጎዳና ላይ ከፖሊስና ከካሜራ ጋር መውረድ

ይህኛው የድርጅቶቹ ነው። የደንብ ልብስ አስከትሎ አውቶብስ ተራ የሚወርድን የድርጅት ሰው የጎዳና ልጅ ከአፈሳ አይለየውም፤ ይበተናል፣ በማግስቱም አይገኝም። ሁለት ሰው ይበቃል፣ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰዓትና ቦታ ሳይቀየር መገኘት ብቻ ነው ሥራው። ልጆቹን የሚያስተዋውቁት እዚያው የሚውሉ ናቸው፤ ሊስትሮው፣ ጀብሎው፣ ሻይ የምትሸጠዋ እናት። ብር አይሰጥም፤ ማታ ትልልቆቹ ቀምተው ይወስዱታል፣ ትንሹ ይደበደብበታል። ማስቲሹን መንጠቅም አያዋጣም፣ ልጁ ሌላ ይገዛል፣ እናንተን ግን ይሸሻችኋል። አልጋ መኖሩ በስልክ ሳይረጋገጥ "መጠለያ አለ" የሚል ቃል ከአፍ አይውጣ። ሠልጣኙ ይህንንም ይወቅ፦ ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፣ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ደግሞ የሚታየው በተለየ ሥርዓት ነው።

ስለ ውሎ አበል አንድ ነገር ብቻ፤ በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ተነግሮ ይለቅ፣ አለዚያ ሁለት ቀን ሙሉ ሌላ ወሬ የለም። ሠልጣኝ ከ25 አይብለጥ። ቅዳሜና እሁድ የእድር ስብሰባና ቀብር ስላለ ቀኑን ሲወስኑ ዳኞቹን ማማከር ነው።

ሰርተፍኬቱ በመዝጊያው ቀን አይሰጥ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሠልጣኞቹ ደብተራቸውን ይዘው ይምጡና፣ ለሌላ ቢሮ ያስተላለፏቸውን ጉዳዮች አንድ በአንድ ያንብቡ፤ ማን ተቀበላቸው፣ በስንት ቀን መለሰላቸው። ደብተሩ ባዶ የሆነበት ሰው ለምን ባዶ እንደሆነ ያኔ ይጠየቃል።