በስዊድን የሚኖር ክርስቲያን ያልሆነ ቤተሰብ የገናን ወቅትና የዓመቱን ረጅም ሌሊት እንዴት ያሳልፋል?

በስዊድን ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ በየመስኮቱ ሰባት መብራት ያለው መቅረዝ ይበራል፣ በየሱቁ የገና ሙዚቃ ይሰማል፣ ትምህርት ቤቶችም ልጆችን መዝሙር ያስጠናሉ። ክርስቲያን ባልሆነ ቤት የሚያድግ ልጅ ይህን ሁሉ እያየ «እኛስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። «እኛ አናከብርም» ብሎ ነገሩን መዝጋት ይቻላል፤ ግን ይህ መልስ ልጁን በጨለማው ወር ባዶ እጁን ያስቀረዋል። እኔና ባለቤቴ ወሎ ተወልደን ያደግን ሙስሊሞች ስንሆን፣ ልጆቻችንን የምናሳድገው ስቶክሆልም ነው። የደረስንበት መንገድ ሁለት ነገሮችን ለይቶ መያዝ ነው፦ ረጅሙን ሌሊት የራሳችን የቤተሰብ ምሽት እናደርገዋለን፣ ገናን ደግሞ የጎረቤቶቻችን በዓል እንደሆነ አውቀን በእንግድነት እናከብርላቸዋለን። ሁለቱን መቀላቀል፣ ማለትም ሌላ ስም የተሰጠውን ገና ቤት ውስጥ ማክበር፣ ልጆችን ከማደናገር በቀር ጥቅም አይታየኝም።

መጀመሪያ ቀኑን መለየት ያስፈልጋል። ረጅሙ ሌሊት በፈረንጆች አቆጣጠር አንዳንዴ ዲሴምበር 21 አንዳንዴ 22 ይውላል፤ በ2023 ቀኑ 22 ነበር፣ በ2024 እና በ2025 ግን 21 ሆኗል። የኢትዮጵያን የቀን መቁጠሪያ ግድግዳው ላይ ለሚሰቅል ቤተሰብ ነገሩ ይቀላል፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ቀኑ ታኅሣሥ 12 ነው፤ ምክንያቱም ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና አዲስ ዓመታችን ሴፕቴምበር 12 ሲገባ፣ የፈረንጆቹም ቀን በዚያው ዓመት ወደ 22 ይገፋል። በዚያ ዕለት ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ የምትወጣው በስዊድን አቆጣጠር 8፡44 ገደማ፣ የምትጠልቀው ደግሞ 14፡48 ገደማ ስለሆነ፣ ቀኑ ከስድስት ሰዓት እምብዛም አይበልጥም። አዲስ አበባ በዚያው ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብርሃን ታገኛለች።

ቀጥሎ ባልና ሚስት ልጆች በሌሉበት ተቀምጠው የወቅቱ ልማድ ከሆነው ውስጥ ምን እንደሚቀበሉና ምን እንደሚተዉ ይወስኑ። እኛ የመስኮቱን መብራት ተቀብለናል፤ የገና ዛፍና የቤተ ልሔምን ኮከብ የሚያስታውሰውን የወረቀት ኮከብ ትተናል። ሌላው ቤተሰብ ከዚህ የተለየ ሊወስን ይችላል፤ ዋናው ነገር ውሳኔው ከወቅቱ በፊት መደረጉና ምክንያቱ ለልጆች ባጭሩ መነገሩ ነው። ልጆች በዓሉ የማን ልደት እንደሆነም ሊያውቁ ይገባል። ክርስቲያኖች ኢየሱስን የእግዚአብሔር ልጅ ብለው ያምናሉ፤ እኛ ዘንድ ዒሳ ነቢይ ነው፣ የልደቱም ታሪክ በቁርኣን ምዕራፍ በሱረቱ መርየም ተተርኳል። እኛ በዚህ ሳምንት ይህን ታሪክ ለልጆቻችን እናነብላቸዋለን። ይህን የሰማ ልጅ የጓደኛውን በዓል አይንቅም፣ የራሱንም እምነት አያምታታም። ትንንሽ ልጆች ስጦታ አምጪው ሽማግሌ እውነት ነው ብለው የሚያምኑ ጓደኞች ስላሏቸው፣ ያንን ደስታ እንዳያበላሹባቸው አስቀድሞ መምከር ጨዋነት ነው።

የትምህርት ቤቱ ጉዳይ ዲሴምበር 13 በሚውለው የሉሲያ ቀን ይጀምራል። ልጆች ነጭ ቀሚስ ለብሰው፣ ቀይ መቀነት ታጥቀው፣ መብራት ይዘው እየዘመሩ ይሰለፋሉ። ቀይ መቀነቱ ቀኑ የተሰየመላትን የቅድስት ሉሲያን ሰማዕትነት የሚያመለክት ነው። ሰልፉን መከልከል ሳያስፈልግ፣ ልጁ የዝንጅብል ብስኩት መስሎ የሚቀርብበትን ቡናማ ልብስ መምረጥ ይቻላል፤ ብዙ የስዊድን ልጆችም ይህንኑ ይለብሳሉ። ከመምህሩ ጋር የሚደረገው ንግግር ግን በኖቬምበር መሆን አለበት፤ የልብስ ድልድል ካለቀ በኋላ የሚመጣ ወላጅ ልጁን በክፍል ጓደኞቹ ፊት ያስጨንቀዋል።

ምሽቱ የሚጀምረው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እኛ መግሪብን ሰግደን የቤቱን መብራት ሁሉ እናጠፋለን፣ ስልኮችን አንድ መሳቢያ ውስጥ እናስቀምጣለን፣ ከዚያ ሻማ እናበራለን። ሻማው ከመጋረጃ ርቆ በብረት ትሪ ላይ ይቁም።

አሁን የምሽቱ ዋና ክፍል ይመጣል፤ ይኸውም ሌሊቱ ለምን እንደረዘመ ለልጆች በዓይን ማሳየት ነው። ብዙ ወላጅ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ እጽፈዋለሁ። የሚያስፈልገው አንድ ትልቅ ብርቱካን፣ አንድ ረጅም ሹል የእንጨት ስንጥር፣ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድና መከለያው የወለቀ የጠረጴዛ መብራት ነው። የስልክ መብራት አይሆንም፤ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሚያበራ ዙሪያውን ሲዞሩ ብርሃኑ አይከተልም። በስልክ ላይ የሚታዩ ተንቀሳቃሽ ሥዕሎችንም አልመክርም፤ ልጁ በእጁ ያላዞረውን ነገር ቶሎ ይረሳዋል።

ስንጥሩን በብርቱካኑ መሐል ከላይ እስከ ታች አሳልፉት፤ ጫፎቹ ዋልታዎች ናቸው። አንዱን ቅርንፉድ ከወገቡ በጣም ጥቂት ከፍ አድርጋችሁ ሰኩት፤ ይህ አዲስ አበባ ነው። ሌላውን ከወገቡ ወደ ላይኛው ጫፍ ካለው ርቀት ሁለት ሦስተኛው ላይ ሰኩት፤ ይህ ስቶክሆልም ነው። መብራቱን በጠረጴዛው መሐል፣ አምፖሉ ከብርቱካኑ ጋር እኩል ከፍታ እንዲኖረው አድርጋችሁ አቁሙ። ከዚያ ስንጥሩን 23.4 ዲግሪ ያህል አጋድሉት፤ ይህም የግድግዳ ሰዓት እጅ ከ12 ወደ 1 ሲሄድ ከሚያጋድለው ትንሽ ያነሰ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ብርቱካኑን ይዞ መብራቱን መዞር ሲጀመር ነው። የሰው እጅ ሳይታወቀው የስንጥሩን ጫፍ ሁልጊዜ ወደ መብራቱ፣ ወይም ሁልጊዜ ከመብራቱ ወዲያ ያዞረዋል። እንዲህ ከሆነ ዓመቱን ሙሉ አንድ ወቅት ብቻ ይሆናል፣ ልጁም ምንም አይረዳም። መፍትሔው ከመጀመራችን በፊት ከክፍሉ አንድ ግድግዳ መርጦ፣ ለምሳሌ መስኮቱ ያለበትን፣ የስንጥሩ የላይኛው ጫፍ ሙሉውን ዙር ወደዚያ ግድግዳ ብቻ እንዲያጋድል ማድረግ ነው። አንድ ልጅ ብርቱካኑን ይዞ ሲዞር ሌላው የስንጥሩን ጫፍ ብቻ ይጠብቅ፤ ከግድግዳው ሲያፈነግጥ «ቁም» ይበል። ብርቱካኑ በመብራቱና በመስኮቱ መካከል ሲደርስ የላይኛው ጫፍ ከመብራቱ ወዲያ ያጋድላል፤ ይህ ዲሴምበር ነው። በተቃራኒው በኩል ሲደርስ ያው ጫፍ፣ አቅጣጫውን ሳይለውጥ፣ ወደ መብራቱ ያጋደለ ይሆናል፤ ይህ ደግሞ ጁን ነው።

በዲሴምበሩ ቦታ ላይ ቁሙና ብርቱካኑን በስንጥሩ ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሽከርክሩት። የአዲስ አበባው ቅርንፉድ የዙሩን ግማሽ ለመሙላት ጥቂት እስኪቀረው በብርሃን ውስጥ ይቆያል፤ የስቶክሆልሙ ግን ሩቡን ያህል ብቻ በርቶ ይጨልማል። ጫፉ አካባቢ ያለው ቆዳ ምንም ቢሽከረከር ብርሃን አይነካውም፤ በሰሜን ጫፍ ባለችው በኪሩና ከተማ ፀሐይ በዚህ ሰሞን ጨርሶ የማትወጣው ለዚህ ነው። ልጁ «ብርዱ የመጣው ከፀሐይ ስለራቅን ነው?» ብሎ ከጠየቀ፣ ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በጃንዋሪ መጀመሪያ እንደሆነ ንገሩት፤ ያኔ ርቀቱ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር፣ በጁላይ ደግሞ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትልልቅ ሰዎችም ይህን ሲሰሙ ይገረማሉ።

ለምግቡ ከእኛ ቤት ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ስዊድናውያን በወቅቱ የሚጠጡት ትኩስ መጠጥ ቅመሞቹ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄልና ዝንጅብል ስለሆኑ ለሻያችን የቀረበ ነው። አንድ ሊትር የወይን ጭማቂ ከሁለት እንጨት ቀረፋ፣ ከአሥር ፍሬ ቅርንፉድ፣ ከጥቂት ሄል፣ ከዝንጅብልና ከብርቱካን ልጣጭ ጋር ሳይፈላ አሙቁት፣ ሌሊቱን አሳድሩት፣ አጥላችሁ በዘቢብና በለውዝ አቅርቡት። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ጽሑፉን አንብቡ፤ በምግብ መደብር የሚሸጠው ሁሉ ከአልኮል ነጻ አይደለም። ለስላሳ የገና ከረሜላዎችም ብዙ ጊዜ ከአሳማ የተሠራ ጄላቲን አላቸው። ኢራናውያን ይህንኑ ሌሊት ያልዳ ብለው በሮማን፣ በሐብሐብና በግጥም ንባብ ያነጉታል፤ እኛም ሮማኑን ከእነርሱ ወስደናል፣ ከግጥም ይልቅ ግን አያቶች በስልክ ተረት እንዲነግሩልን እናደርጋለን። ለዚህ ብቻ አንድ ስልክ ከመሳቢያው ይወጣል። ስጦታውን ለዒድ እናቆየዋለን።

ዲሴምበር 24 ጎረቤት ከጠራችሁ ሂዱ። የማትበሉትን በመጀመሪያው ጥሪ ላይ ተናገሩ፤ በገበታው መሐል የሚቀመጠው የአሳማ ጭን ነው፣ ቋሊማውም ብዙውን ጊዜ የአሳማ ነው፣ የሥጋ ድብልብሉም አሳማ ሊኖርበት ይችላል፤ ሳልሞን፣ ሄሪንግ፣ እንቁላልና ድንች ግን አይጠፉም። በወሎ ክርስቲያኑ ሙስሊም ጎረቤቱን ሲጠራ በግ በሙስሊም እጅ ያሳርድለታል፤ ማንም በዚያ አያፍርም፣ ማንም አይቀየምም። እዚህም ነገሩን በዚያው ግልጽነት ብትናገሩት አስተናጋጁ ይደሰታል እንጂ አይከፋም። አንድ ትሪ ሳምቡሳ ይዞ መሄድ ጥሩ ነው። ከቀትር በኋላ 15፡00 ላይ ብዙ ቤተሰብ ከ1960 ጀምሮ በየዓመቱ በቴሌቪዥን የሚተላለፈውን የካርቱን ዝግጅት ስለሚያይ፣ በር የምታንኳኩት ከዚያ በፊት ወይም ካለቀ በኋላ ይሁን።

በመጨረሻ አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፉና ልጆች በየእሑዱ ፀሐይ የምትወጣበትንና የምትጠልቅበትን ሰዓት ይጻፉ። ከታኅሣሥ 12 በኋላ መጥለቂያው ወዲያው እየዘገየ ሲሄድ ያያሉ፣ መውጫው ግን እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ድረስ መዘግየቱን ይቀጥላል። ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ አለበለዚያ ጠዋት ጠዋት ጨለማው ሲብስ ቀኑ እየረዘመ ነው ያላችሁትን አያምኑም። ታኅሣሥ 29 ክርስቲያን ወዳጆቻችን ለገና ሲጠሩን የቀኑ ርዝመት 20 ደቂቃ ያህል ጨምሮ ይቆያል፤ ጃንዋሪ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ስምንት ሰዓት ይጠጋል፣ ወረቀቱም ያኔ ይነሳል።