የእድር ፋይሎችን ከፍሎፒ ዲስክ አውጥቶ ለማቆየት የሚረዳ መመሪያ

የቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ጠዋት ክፍል እገባለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ተውሰው የተመለሱ መጻሕፍትን በመለያ ቁጥራቸው ወደ መደርደሪያ እመልሳለሁ፤ ማታ ደግሞ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ በአደራ የሰጡኝን አንድ ካርቶን ፍሎፒ ዲስክ፣ ማለትም የድሮ ኮምፒውተሮች ፋይል ማስቀመጫ፣ ይዤ እቀመጣለሁ። በካርቶኑ ውስጥ ከ1989 እስከ 1994 ዓ.ም. የተተየቡ ቃለ ጉባኤዎች፣ የአባላት መዝገብና መተዳደሪያ ደንቡ ይገኛሉ። በ1973 እ.ኤ.አ. በተጀመረው ሥራ በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጽን እጅግ አሳንሶ በሚይዝ የፎቶግራፍ ፊልም፣ የተነሡት የብራና መጻሕፍቶቻችን ዛሬም ብርሃንና ማጉያ መነጽር ብቻ ካገኙ ይነበባሉ፤ የእድሩ ፋይል ግን ማንበቢያ መሣሪያውም፣ የተጻፈበት ሶፍትዌርም፣ የፊደሎቹን ቅርጽ የያዘው ፎንትም ካልተገኘ ዲስኩ ደኅና ሆኖ ሳለ አይነበብም። ከዚህ በታች የማስረዳው እኔ የምከተለውን አሠራር ነው።

ዲስኩን ከመክተትዎ በፊት በጥጉ ያለችውን ትንሽ መዝጊያ ገፍተው ቀዳዳዋን ክፍት ያድርጉት፤ ይህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይችልም። በላዩ የተለጠፈውን ወረቀትም ፎቶግራፍ ያንሡት፤ በእጅ የተጻፈው ርእስ አንዳንድ ጊዜ ስለ ይዘቱ ያለን ብቸኛ መረጃ ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ የፍሎፒ ማንበቢያ ተጠቅመው የእያንዳንዱን ዲስክ ይዘት የዲስኩ ቁጥር ወደተሰጠው የራሱ ፎልደር ሙሉ በሙሉ ይቅዱ። አንድ ዲስክ የሚይዘው 1.44 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ መርጦ መቅዳት ምንም ጥቅም የለውም። ኮምፒውተሩ ዲስኩን ማንበብ ሲያቅተው «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፤ በምንም ምክንያት እሺ አይበሉ። ያልተነበበውን ዲስክ ደጋግመው ከማስገባት ይልቅ ለይተው ያስቀምጡትና በሌላ ማንበቢያ ይሞክሩት፤ አንዱ ያላነበበውን ሌላው የሚያነብበት ጊዜ አለ።

ቅጂው እንዳለቀ፣ አንድም ፋይል ሳይከፍቱ፣ የእያንዳንዱን ፋይል ኤስ ኤች ኤ-256 የተባለ መለያ ያውጡ። ይህ መለያ ከፋይሉ ይዘት ተሰልቶ የሚወጣ ባለ 64 ፊደልና አኃዝ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ መለያው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል። የመለያዎቹን ዝርዝር ከፋይሎቹ ጋር ያስቀምጡ፤ ከዓመታት በኋላ ቅጂው ያልተበላሸ መሆኑን የሚያረጋግጡልዎ እነርሱ ናቸው።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ፊደሉ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ሁሉ ለእያንዳንዳቸው የራሳቸውን ኮድ በሚሰጠው ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት፣ በአገራችንም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ያሉ ሶፍትዌሮች የአማርኛን ፊደል በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ እያስቀመጡ ይሠሩ ነበር። ስለዚህ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ቃለ ጉባኤውን ሲከፍቱ የሚያዩት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድርድር ነው። ፋይሉ ተበላሽቷል ብለው አይጣሉት፤ ያጣው ፎንቱን ነው። አንድ ፎንት ደግሞ ከ256 የማይበልጥ ቦታ ስላለው ሁሉንም ፊደሎቻችንንና ምልክቶቻችንን መያዝ ይከብደዋል፤ በዚህም ምክንያት አንዳንዶቹ ሶፍትዌሮች ፊደሉን ለሁለትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ፎንቶች አከፋፍለውታል። ያው ኮድ በአንዱ ፎንት አንድ ፊደል፣ በሌላው ፎንት ሌላ ፊደል ነው ማለት ነው። እኔ በመጀመሪያው ሳምንት የሠራሁት ስሕተት ከዚህ የመጣ ነበር፤ የዎርዱን ፋይል ወደ ተራ ጽሑፍ ስለውጠው የትኛው ፊደል በየትኛው ፎንት እንደተጻፈ የሚናገረው መረጃ ጠፋ፤ ሥራውንም ከዋናው ቅጂ እንደገና ጀመርሁ።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ዋናውን ፋይል ሳይነኩ፣ በግልባጩ ላይ ብቻ ይሥሩ። በፋይሉ ውስጥ የተጠቀሰውን የፎንት ስም ይመልከቱ፤ ፎንቱን ፈልገው ይጫኑ፤ ጽሑፉ በትክክል ሲታይም ፎንቱ አብሮ እንዲገባ አድርገው በፒዲኤፍ ያስቀምጡት። ይህ ፒዲኤፍ የገጹን መልክ ይጠብቃል እንጂ ከሥሩ ያለው ኮድ አሁንም ላቲን ስለሆነ «መዋጮ» ብለው ቢፈልጉበት ምንም አያገኙም። ስለዚህ ፎንቱን በሚያውቅ መለወጫ ፕሮግራም ሦስተኛ፣ የዩኒኮድ ቅጂ ያዘጋጁና ከፒዲኤፉ ጋር መስመር በመስመር ያመሳክሩት። በተለይ የግዕዝ ቁጥሮችን፣ እንደ «ቋ» እና «ኳ» ያሉትን ፊደሎችና ሥርዓተ ነጥቦችን ልብ ይበሉ። ጸሐፊው «ሀይለ ስላሴ» ብለው ከጻፉ ወደ «ኃይለ ሥላሴ» አያርሙት፤ ለፍለጋ እንዲመች ሁለቱን አጻጻፍ ስለ ፋይሉ ይዘትና ቀን በሚጻፈው መግለጫ ውስጥ ማስፈር ይበቃል።

መግለጫውን ሲያዘጋጁ የዘመን አቆጣጠሩን ሳይጠቅሱ አይለፉ። የ1991 ዓ.ም. ኅዳር በ1998 እ.ኤ.አ. ሲውል ሚያዝያው ግን በ1999 ነው፤ ስለዚህ ሁሉንም ዓመት ሰባት ወይም ስምንት በመደመር ብቻ መለወጥ ያሳስታል። «1991-03-12» የሚል የፋይል ስም ለአንዱ ኅዳር፣ ለሌላው ማርች ነው፤ እኔ ከኋላው «ዓም» የሚል እጨምርበታለሁ። የኮምፒውተር የቀን ሳጥኖች አሥራ ሦስተኛ ወር ስለማይቀበሉ የጳጉሜን ስብሰባዎችን ቀን በተራ የጽሑፍ ሳጥን ያስፍሩ። የአባላትን ስም ደግሞ በራሳቸው ስም ያስጀምሩ እንጂ የአባታቸውን ስም አያስቀድሙ።

በመጨረሻም የዚህ ሁሉ ሦስት ቅጂ ይኑርዎት፤ አንዱ በኮምፒውተር፣ ሁለተኛው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው ከሰፈሩ ውጭ በሌላ ቤት ይቀመጥ። ፍላሽን ለማመላለሻ እንጂ ለማቆያ አልመክርም። መዝገቡ ማን እንደሞተበትና ማን መዋጮ እንዳልከፈለ ስለሚናገር ያለ እድሩ ኮሚቴ ፈቃድ ኢንተርኔት ላይ መጫን አይገባም። እኛ በየዓመቱ ከጠቅላላ ጉባኤው በፊት መለያዎቹን እንደገና አውጥተን ከዝርዝሩ ጋር ለማስተያየት ተስማምተናል፤ የተመሳከረበት ቀንና ያመሳከረው ሰው ስም በእድሩ የወረቀት መዝገብ ላይ ይጻፋል።